ሲንቄ ይዤ በሞተር ወደ ሪራ

ለዚህ ጉዞ የመጀመሪያው ዝግጅቴ አሥር ችግረኞችን ማብላት ነበር። ሞተር እግሬን ሰብሮ አልጋ ላይ ባዋለኝ ጊዜ፣ «ወላሂ፣ ሁለተኛ ሞተር ላይ አልወጣም» ብዬ ምዬ ነበር። መሐላውን የሚያፈርስ ሰው ከፋራ፣ የመሐላ ማካካሻ፣ አለበት። ሮቤ ባለው ቤታችን ደጅ ምንጣፍ ዘርግቼ ሩዝ በሥጋ አቀረብኩ። በሉ፣ ዱዓ አደረጉልኝ፣ ሄዱ። በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ ሄልሜቴን አነሣሁ።

የክትባት ሠራተኛ ነኝ። ወደ ገጠር ቀበሌዎች የምወጣው በሞተር ነበር፤ ሞተር ግን አልበረከተልኝም። የመጀመሪያው ተቃጥሎ መንገድ ላይ ቀረ። ሁለተኛውን ለቅሶ ቤት ደጃፍ አቁሜ ገባሁ፤ ስወጣ የለም። ሦስተኛው በገሰራ መንገድ ኮረት ላይ ተንሸራቶ ጣለኝና ቅልጥሜን ሰበረኝ። ሰዎች «ሞተር ገድሽ አይደለም» አሉኝ። እኔም አመንኩ።

በወደቅኩበት ቀን ሲንቄ ይዤ ነበር። ሲንቄ እናት ለምትድራት ልጇ በእጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ያገባች ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ ያዩዋት ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ይከተሏታል፤ ጉዳዩ ሳያልቅም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። የተጣላም በሲንቄ ይታረቃል። ለልጄ ለነጃት ሰርግ ገሰራ ያለችው እናቴ ያዘጋጀቻትን ሲንቄ ተቀብዬ ስመለስ ነው የወደቅኩት። እግሬ ተሰበረ፤ ሲንቄዋ አልተጫረችም።

ነጃት ስትዳር እኔ ሆስፒታል ነበርኩ። አክስቷ በእኔ ፋንታ ልስጥሽ ብትላት፣ «ከእናቴ እጅ ካልሆነ አልቀበልም» ብላ ባዶ እጇን ሄደች። ከዚያ የባሏ ሥራ ሞያሌ ወሰዳቸው። ዘንድሮ ልጅ ወልዳ ሪራ፣ የባሏ ቤተሰቦች ዘንድ ገባች። አልሐምዱሊላህ፣ ልጇ ሴት ናት።

ወደ ሪራ የሚሄድ መኪና አለ። ሲንቄ ግን ከጆንያ ጋር ጣሪያ ላይ አትጫንም፣ ከሰው እግር ሥርም አትጋደምም። ለባለቤቴ ለከድር ያቀረብኩት ምክንያት ይህ ነበር። እውነቱን ለመናገር መንዳት አምሮኛል። መካኒኩ ወንድሜ አማን አንድ አሮጌ ሞተር ጠግኖ እንደ አዲስ አድርጎታል፤ በየቀኑ በጋራዡ በኩል አልፋለሁ፣ በየቀኑ አየዋለሁ።

ከድር ፈረደ። «ሪራ ደርሰሽ ከተመለስሽ ሞተሩ ያንቺ ነው። ከመንገድ ከተመለስሽ ለአማን እንመልስለታለን፤ ከዚያ በኋላ የሞተር ወሬ በዚህ ቤት አይነሣም» አለ። ተስማማሁ።

ከሮቤ ጎባ

ሲንቄዋን ከኮርቻው ኋላ ቀጥ አድርጌ አሰርኳት። እንዳትሰበር ብቻ ነበር የማስበው። ጩኮ በጎድጓዳ ዕቃ ሞልቼ በፌስታል ጠቀለልኩ፤ የገብስ ዱቄቱን ራሴ ቆልቼ አስፈጭቼ በቅቤ ያሸሁት ነው። ሱሪዬን ከቀሚሴ ሥር ለበስኩ፣ ሄልሜቴን በሒጃቤ ላይ አጠለቅኩ። «ቢስሚላህ» ብዬ ረገጥኩት። በመጀመሪያው ተነሣ።

ከሮቤ ወደ ጎባ አስፋልት ነው። ጋሪዎቹና ባጃጆቹ ገና አልበዙም። ስንዴው ከግራና ከቀኝ ቢጫ ሆኗል፤ ነፋሱ ሲመታው ሜዳው በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። እጄ ምንም አልረሳም። ያ ሁሉ ጊዜ ከወንበር ላይ ተነሥቼ አልሮጥኩም ነበር፤ አሁን ሳልሮጥ እሮጣለሁ። ማንም እንደማይሰማኝ ሳውቅ ሄልሜቱ ውስጥ ጮክ ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

ጎባ ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ በዳቦ አዘዝኩ። ባለ ሻይ ቤቷ በመስኮት ሞተሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ዳቦውን ደረበችልኝ። ሂሳብ ስጠይቃት እጄን ዘግታ ያዘችኝና «ኢንሻ አላህ ሐቅሽን ታገኛለሽ» አለችኝ። ለመንገደኛ የምትሰጠው ምርቃት መሰለኝ። አሚን ብዬ ወጣሁ።

ኮረቱ

ከጎባ በላይ አስፋልቱ አልቆ ዳገቱ ይጀምራል። ጽዱና ኮሶው መንገዱ ላይ ያጠላል፤ ብርዱ ከጓንት ሥር ይገባል። የመጀመሪያው ትልቅ ኩርባ ላይ አዲስ ኮረት ተደፍቷል። ልክ የገሰራው ዓይነት፣ ከጎማ ሥር የሚንከባለል።

ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ያ የተሰበረው እግሬ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ከኋላዬ ጎባ ቅርብ ናት፤ ቁልቁለቱ ቀላል ነው። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ከተመለስኩ ወሬው በዚያው ያልቃል፤ ሞተሩም ይሄዳል፤ ሲንቄዋም በሌላ እጅ ትሄዳለች።

እንዲህ እንዳለሁ ወደ ጎባ ገበያ የሚወርዱ አራት ሴቶች ቅቤና እንጨት የጫኑ ፈረሶቻቸውን እየነዱ መጡ። ሲንቄዋን አዩ፤ እኔን አዩ። ፈረሶቹን ጥለው ከመንገዱ ዳር ለዕርቅ የሚያዘውን እርጥብ ሣር ነጩና አንድ ላይ ከበቡኝ። ታላቃቸው፣ ሌሎቹ በክብር አዮ ሞሚና ይሏቸዋል፣ ትከሻዬን ያዙ።

«ማን ነው?» አሉኝ።

«ማን ምን?»

«በዳይሽ ነዋ። ባልሽ ነው?»

«ባሌ ቤት ነው።»

«ቤት መሆኑንማ አወቅን» አለች አንዷ ወጣት። «ያደረገሽን ንገሪን። ሮቤም ቢሆን እንወርዳለን፤ ቅቤዬ ሳይቀልጥ ብቻ ቶሎ በይ።»

ያኔ ገባኝ። ለልጅ የምትወሰድ ሲንቄ በነጠላ ተሸፍና ትሄዳለች። እኔ ያለ መሸፈኛ፣ ቀጥ አድርጌ፣ ለአቤቱታ እንደወጣች ሴት አድርጌ ነው ያሰርኳት። የከተማ ኑሮ አስረስቶኛል። ባለ ሻይ ቤቷም ሂሳብ ያልተቀበለችኝ ለዚህ ነበር። ምስኪን ከድር ሳይሰማ ከሮቤ እስከ ዳገቱ ድረስ በዳይ ሆኖ ዋለ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ነጃት፣ ስለ ሰርጉ፣ ስለ እግሬ፣ ስለ ኮረቱ። ከዚያ ወጣቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። አዮ ሞሚና ግን ሣሩን ከእጃቸው አልጣሉም።

«ሳቁ ይሁን» አሉ። «እኛ ግን ሲንቄ አይተን ወጥተናል። ሳናስታርቅ ብንመለስ ነውር ነው። ጠብሽ ከማን ጋር ነው?»

አሰብኩ። «ከዚህ ጋር» አልኩና ኮረቱን አሳየኋቸው።

«በይ ሞተርሽ ላይ ውጪ።»

ሣሩን መሪው ላይ አሰሩልኝ። እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ መንገዱ ይቅናሽ፣ እግርሽ ይጽና፣ ልጅሽ ትቀፍሽ አሉ። ሌሎቹ በእያንዳንዱ ቃል አሚን አሉ። ከዚያ ሁለቱ በግራዬ፣ ሁለቱ በቀኜ ሆነው ወደ ዳገቱ፣ ወደመጡበት አቅጣጫ መሄድ ጀመሩ። በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ፣ በመካከላቸው ነዳሁ። ኮረቱ ከጎማዬ ሥር ተንከባለለ። መሪውን አላነቅኩትም፤ አማን እንደሚለው ለቀቅ አድርጌ ያዝኩት። ኩርባው አለቀ። እየሄድኩ እግሬን ለማየት ዝቅ አልኩ፤ መንቀጥቀጡን ትቷል።

«አዮ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ፈረሶቹ እየጠበቁዎት ነው» አልኳቸው።

«ነጋን ገሊ» አሉኝ፤ በሰላም ግቢ ማለታቸው ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ።

ሰኔቲ

ዛፉ አጠረ፣ ወደ አስታ ቁጥቋጦ ተለወጠ፣ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። ሰኔቲ ላይ ወጣሁ። ሰማዩ ቅርብ ነው። ጅባራው እዚህም እዚያም ተተክሎ እንደ ሰው ቆሟል፤ ከሩቅ ስታዩት የሚጠብቃችሁ ይመስላል። ኩሬዎቹ ዳርቻ ላይ በረዶ ነበር።

ሞተሩ በአየሩ መሳሳት ትንፋሽ አጠረው፤ እያሳለ፣ እየተንገጫገጨ ሄደ። አላጠፋሁትም፤ አንዴ ከጠፋ በቶሎ አይነሣም ብሎኝ ነበር አማን። አንድ ቀይ ቀበሮ ከአይጥ ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ነበር። ድምፁ ቢረብሸውም አልሸሸም። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ሥራ ነበረው።

ሜዳው መሃል መንገዱ ቀጥ ይላል። አልደብቃችሁም፤ በረርኩ። ቀሚሴ ከኋላዬ እንደ ባንዲራ ይመታል፣ ዓይኔ ያነባል፣ ጣቴ አይሰማኝም፣ አፌ አልተከደነም። የአያትነት ዕድሜዬን ረሳሁት። መጨረሻው ላይ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩን እየሠራ አቆምኩና መንገድ ዳር የምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። መሬቱ በረዶ ነው፤ ግንባሬ ቀዘቀዘ።

ሪራ

የሐረና ጫካ ከላይ ሲታይ ደመና ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ውስጡ ይገባል። ሞተሩን በማርሽ ይዤ፣ ፍሬን በስሱ እየነካሁ ወረድኩ። ሽበት የመሰለ ቃጫማ ተክል ከዛፎቹ ይንጠለጠላል። ከዚያ የቀርከሃ አጥር፣ የቀርከሃ ቤት፣ ጭስ፣ የልጆች ጩኸት። ከመግባቴ በፊት ብልህ ሆኜ ሲንቄዋን በነጠላዬ ጠቀለልኳት።

ነጃት ልጇን ታቅፋ በር ላይ ወጣች። ሄልሜቱን ሳወልቅ ቆማ ቀረች።

«እማ፣ ማን ነዳው?»

«እኔ።»

እግሬን አየች። ከዚያ ሞተሩን አየች። ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ በሆስፒታሉ መሐላዬን ስምል አጠገቤ የነበረችው እሷ ናት። ልጇን ለአማቷ ሰጠችና ሁለት እጇን ዘረጋች። ነጠላውን ገለጥኩ። ሲንቄዋን በሁለት እጄ ሰጠኋት፤ በሁለት እጇ ተቀበለች። የእናቶቼን ምርቃት አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ አማቷና የጎረቤት ሴቶች አሚን አሉ።

ነጃት አላለቀሰችም። ጣቶቼን ከሲንቄዋ ጋር አብራ ያዘቻቸውና፣ «በረዶ ሆነሻል፣ ግቢ» አለችኝ። እሳት ዳር አስቀምጣ የልጅ ልጄን ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። ጩኮውን በሐረና ማር በላን። ማሩን አማቷ ለስንቅ ሊሰጡኝ ሲሉ፣ ገበያ ላይ ኪሎው በስምንት መቶ ብር የሚሸጥ ነገር አልወስድም ብዬ ተከራከርኩ። ተሸነፍኩ።

ወደ ቤት

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት አለ። ነጃት ስትሸኘኝ የሄልሜቴን ማሰሪያ ራሷ አሰረችልኝ፤ ጠበቅ አድርጋ።

በጎባ በኩል ስወርድ አንድ ቦታ የኋላ ጎማዬ ወደ ጎን ሸሸ። የፊቱን ፍሬን አልነካሁም፣ መሪውን ለቀቅ አደረግኩት፤ ጎማው ተመለሰ። ወዲያው የመጣብኝ ሳቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ገደ ቢስ ስለሆንኩ ሳይሆን መንገዱ ኮረት ስለሆነ ነው። በመሐላ የዘጋሁትን በር አላህ አልዘጋብኝም ነበር። ይህን ለማወቅ ሰኔቲን መውጣት አስፈለገኝ።

ሮቤ ስደርስ የዙህር አዛን ሊሰማ ጥቂት ቀርቶ ነበር፤ ቀኑ ጁምዓ ነው። ከድር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከበር ውጭ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አልጠየቅኩም። ስለ ሲንቄዋ ጠየቀኝ፣ በእጄ ሰጠኋት አልኩት። ስለ ልጅቱ ጠየቀኝ፣ አንተን ትመስላለች አልኩት። በዳገቱ ላይ በዳይ ሆኖ እንደዋለም ነገርኩት፤ ማንን ቀጣችሁ ቢለኝ ኮረቱን አልኩት።

ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞሮ አየው። እሱ በሕይወቱ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የእኔንም እየጠላ ነው የኖረው። አዛኑ ተጀመረ።

«መስጊድ በእግር ብሄድ ኹጥባው ያልፈኛል» አለ ወደ ሌላ እያየ።

መስጊዱ ቅርብ ነው። ያንን አላልኩትም። ወደ ፊት ጠጋ አልኩለት፤ ጀለቢያውን ሰብስቦ ከኋላዬ ወጣ፣ ወገቤን አጥብቆ ያዘ።

«ቀስ በይ» አለኝ።