የደጃችንን ሣር የበላው

ባለፈው ቅዳሜ፣ ወልቂጤ ከቤቴ ፊት ያስተከልኩት ሣር አልፎ አልፎ ቡናማ ሆነብኝና ምን ነካው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጣቴን ወደ ሥሩ ስሰድ አንድ ቀዝቃዛ፣ ልፍስፍስ ያለ ነገር ተንቀሳቀሰ። እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፤ ምሳ ግን አልበላ አለኝ። ልጆቼ ሳቁብኝ። እነሱ ምን ያውቃሉ፣ እኔ ያንን ትል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያኔ ቡታጅራ ዳር ነበርን። አባቴ አዲስ አበባ ይነግድ ስለነበር የሚመጣው ለመስቀል ብቻ ነው። እኛ አገር እንግዳ ገና ቤት ሳይገባ የሚያየው የደጁን ሣር ነው፤ ሣሩ ካማረ ሴትዮዋም ትመሰገናለች። አንድ ክረምት እናቴ፣ ለእንሰት የበጀ ለሣር ምን ይሆናል ብላ፣ እንሰቷን የምታዳብርበትን እበት በቅርጫት እያመላለሰች ደጁ ላይ በተነችው። ሽታው፣ አቤት ሽታው። ዝናብ ሲመታው ይቦካል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይጨሳል፣ ዝንቡ በር ላይ ይጠብቀናል። አፍንጫዬን ይዤ ስወጣ እናቴ "ቅምጥል" ትለኝ ነበር።

ጳጉሜ ሲገባ ሣሩ መጀመሪያ የሰፌድ፣ ከዚያ የቁርበት በሚያህል ቦታ ደረቀ። እናቴ እንቅልፍ አጣች። ባሏ ሲመጣ ምን ሊል ነው? ጎረቤታችን፣ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ሙስሊም ሴት፣ የልብስ እጣቢዋን በእኛ ሣር ጠርዝ ትደፋ ነበር። እናቴ ይህቺን ሰበብ አድርጋ ያዘች። አንድ ጠዋት የሰፈር ሴቶች ጓሯችን ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ፣ በሁሉም ፊት፣ "ሣሬን በበረኪና ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ" አለቻት።

"ወላሂ፣ በረኪና የሚባል ነገር ቤቴ የለም" አለች ጎረቤታችን ቀስ ብላ።

ሴትዮዋ የቀርከሃ መፋቂያዋን አስቀምጣ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ሄደች። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው መፋቃቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ እናቴ የደረቀውን ነቅላ ሌላ ልትተክል ሣሩን ጎተተችው። ሥር የሚባል አልነበረውም፤ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተነሣ። ከሥሩ ያየሁትን መናገር እስከ ዛሬ ይቀፈኛል። ጣት የሚያህል ነጭ ወፍራም ትል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይርመሰመሳል፤ የበላው እበት በቆዳው አልፎ ሆዱ ውስጥ ይታያል። እናቴ አንዱን ረገጠችው። የወጣው ነገር... ኤጭ፣ ይቅር። እኔ አጥር ሥር ሄጄ አስመለስኩ። ከበረቱ ጀርባ ያለውን የእበት ክምር ብንቆፍረው ያው ትል ሞልቶታል። ተሸክማ ያመጣችው ራሷ ናት።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ።

ከትሉ ይልቅ ይህ ነው ያቅለሸለሸኝ። እሷንም ሳያቅለሸልሻት አልቀረም፤ እህል በአፏ ሳይዞር ውላ፣ ከሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄደች። ይዛት ተመለሰች። ጎረቤታችን የተገለጠውን መሬት አየችና "ይሄን ሁሉ የወለድኩት እኔ ነኝ?" ብላ ሳቀች። ቁጭ ብላ ትሉን በባዶ እጇ እየለቀመች ጣሳ ውስጥ ትጨምር ጀመር። እናቴም አጠገቧ ተቀመጠች።

"ይቅር በይኝ" አለቻት ቀና ሳትል።

"አንቺ ደግሞ፣ አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን።"

አባቴ ለመስቀል መጣ፤ ደጁን ልብ ብሎ እንኳ አላየውም።

ጎረቤታችን እስከዚያ ድረስ ቤታችን የምትገባው እንደ ገዛ ቤቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ማንኳኳት ጀመረች። እናቴ አርጅታ መነሣት ሲከብዳት እንኳ ከውስጥ ሆና "ክፍት ነው፣ ግቢ እንጂ" እያለች ብትጣራም፣ ጎረቤታችን ግን ሰው መጥቶ እስኪከፍትላት ድረስ ደጅ ቆማ ትጠብቅ ነበር።