ሳያዩ አቤት አይባልም

እኛ ቤት ሰው ጓዳ ሆኖ ሳሎን ያለውን አይጣራም። ባለቤቴ እናቱን ሲፈልግ ተነሥቶ እስካሉበት ይሄዳል፣ ፊታቸው ይቆማል፣ ትከሻቸውን ነካ ያደርጋል፤ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዳ ያየ እንደሆነ በአክብሮቱ ይገረማል። «እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ!» ይለዋል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ውስጥ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ በመኪና ጩኸት መሀል ሲያወራ ስለሚውል፣ ድምፁ ቤት ከገባም በኋላ አይቀንስም። ከውጭ በር ላይ «አደይ!» ሲል፣ በትግርኛ እናቴ ማለቱ ነው፣ ሓወልቲ ሰፈር ያለው የኪራይ ግቢያችን እንዳለ ይሰማዋል፤ ልጅ ያላት ሁሉ ቀና ትላለች። እኔ ከጎጃም ለትምህርት መጥቼ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ የቀረሁ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ያን ድምፅ ስሰማ ጠብ የተነሣ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። አማቴ ግን ልጃቸው ጠርቶ ሳይጨርስ «አቤት ወደይ!» ይሉ ነበር፤ አቤት ልጄ።

ይህ ቤት ውስጥ ነው። ከቤት ውጭ ሕግ ነበራቸው። በውሃ ዳር፣ በገደል ሥር፣ በዋሻ ውስጥ የሚጠራሽን ሰው ፊቱን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ። ሰይጣን የምትወጂውን ሰው ድምፅ ተውሶ ነው የሚመጣው፤ ከመለስሽለት የሱ ሆንሽ። እናቴም ጎጃም ይህንኑ እየነገረች ነው ያሳደገችኝ። ሁለቱ ሴቶች በሽሮ አሠራር እንኳ አይስማሙም፣ በዚህ ግን ቃል በቃል አንድ ናቸው። እኔ የተማርኩት ልጅ እስቅባቸው ነበር።

ያን ክረምት በፍልሰታ ጾም አማቴና አብረዋቸው የሚያስቀድሱ ሴቶች ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የዋሻ ጠበል ሄዱ። የዋሻው ደጃፍ ሰፊ ነው። ጠበሉ የሚፈልቀው ግን ከውስጠኛው ክፍል ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ በእጅና በእግር እየዳሁ የሚያልፉበት ዝቅ ያለ መተላለፊያ አለ።

ከሴቶቹ አንዷ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ። አንድያ ልጃቸው ወደ ጦርነቱ ሄዶ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣላቸውም። ሌሎች እናቶች ቁርጣቸውን አውቀው፣ አልቅሰው ድንኳን ሲያፈርሱ፣ እሳቸው የልጁን አንሶላ እያጠቡ መልሰው ያነጥፉ ነበር። «የሱን ነገር እዚያ እጠይቃለሁ» ብለውኛል ሲወጡ፤ ፊታቸው ሰርግ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር።

እኔ ደግሞ ያን ዕለት በንዴት ነበር የምበግነው። አማቴ የጓዳውን ቁልፍ የሆነ ቦታ ሸጉጠው ሄደው ዱቄት ማውጣት አቅቶኛል። ቁልፍ መደበቅ ልማዳቸው ነው፤ ከሌባ ሳይሆን ከኔ የሚደብቁ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ አብሯቸው ሄዶ ደጅ ቀርቶ የነበረው ዲያቆን ሥራ ላይ ላለው ባለቤቴ ደወለ። ጎርፍ ገብቶ መተላለፊያውን ሞልቶታል፤ ሴቶቹ ከወዲያ ናቸው። ባለቤቴ ከቤት ወሰደኝና እስከ አስፋልቱ ማብቂያ በባጃጅ፣ ከዚያ በጭቃው በእግራችን ሮጥን።

ስንደርስ የአካባቢው ገበሬዎች በማዳበሪያ አፈር እየሞሉ ጎርፉን ወደ ሌላ ጎን ይመልሱ ነበር። ከመስኖ ያመጡት የውሃ ሞተርም ያጓራል። በመተላለፊያው ጣሪያና በውሃው መሀል የመዳፍ ያህል ክፍተት ብቻ ቀርታለች። እንስማ ብለው ሞተሩን አጠፉት። ባለቤቴ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ አፉን ወደዚያች ክፍተት አስጠግቶ ተጣራ።

«አደይ! አደይ!»

ድምፁ ወደ ውስጥ ሲሄድ ይሰማል። የሚመለስ ግን የለም። ደጋግሞ ተጣራ። ቆይቶ የሆነ ነገር ውሃውን የመታው መሰለኝ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

ከላይ ከገደሉ ድንጋይ እየተናደ ይወድቅ ነበር። ሥራውን የሚመሩት ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር። መልስ የሚሰጥ የለም። ለሞተ ሰው በሕይወት ያለ አይጨመርም፤ ውሃው ራሱ እስኪጎድል እንውጣ» አሉ። ሰዎቹ አካፋቸውን ማንሣት ጀመሩ። ባለቤቴ እዚያው ውሃው ውስጥ ቆሞ ቀረ።

እኔ ማልቀስ ነበር የሚገባኝ። የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። እንዴት እንዲህ አድርገው ይሞታሉ! ባለቤቴን ገፍቼ ገባሁና በተሰባበረ ትግርኛዬም ባማርኛዬም ጮኽኩ። «አደይ! እቲ መፍትሕ ኣበይ ኣሎ? የጓዳውን ቁልፍ የት ነው የደበቁት? ጾሜን ልደር ነው?»

ሰዎቹ ሴትዮዋ አበደች ብለው ያዩኛል።

«ኣብ ትሕቲ ዓራት!» የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ። «አልጋው ሥር ነው! ዓይን የለሽም?»

ሽማግሌው ቆባቸውን መልሰው ደፉ። ሞተሩ ተነሣ። እንደ ባለቤቴ እየሳቀ የሚያለቅስ ወንድ ከዚያ በፊት አላየሁም። ጀምበር ሳትጠልቅ ውሃው ጎደለና ሴቶቹ ገመድ ይዘው አንድ በአንድ ወጡ። አማቴ ሲወጡ በእጃቸው የራሳቸው ያልሆነ ነጠላ ጨምድደው ይዘው ነበር። ጎረቤታችን አልወጡም። በማግስቱ ከመተላለፊያው ውስጥ አስከሬናቸው ተገኘ። ጎርፉ ሲገባ የወሰዳቸው ነው ተባለ፣ ሁሉም አመነ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን አማቴና እኔ ምስር እየለቀምን ነበር። ዘመድ አዝማድ የቁልፉን ነገር እያነሣ ይስቅ ስለነበር እኔም አነሣሁት። «ሕጉ የት ገባ? ፊቴን ሳያዩ እንዴት መለሱልኝ?» አልኳቸው።

«ሰይጣን የጓዳ ቁልፍ ምን ያደርግለታል?» አሉ፤ ሳቁም። ከዚያ ምስሩን አስቀመጡት።

«የባልሽንም ድምፅ ሰምተነዋል» አሉኝ። «ሁላችንም ሰማን። ወደይ ፋብሪካ ነው ያለው፣ እዚህ ምን ያደርጋል አልኩ። ከውሃው ሥር የሚመጣ ነበር የሚመስለው። አንዳችን ያንዳችንን አፍ ያዝን። ጎረቤታችን ግን ብድግ አለች። "አቤት ወደይ" አለች። "መጻእኩ" አለች፣ መጣሁ። ነጠላዋን ይዣት ነበር። ነጠላው እጄ ላይ ቀረ።»

ባለቤቴ «አደይ» ሲል ግቢ ሙሉ እናት ቀና እንደሚል አስታወስኩ።

«ለወደይ እንዳትነግሪው፤ አፈር ስሆን!»

አልነገርኩትም። እሱ ግን የራሱን ቁስል ይዞ ይዞር ነበር። ሮማናት አደባባይ ከጓደኞቹ ጋር ካፌ ሲቀመጥ «ደጋግሜ ጠራኋቸው፣ ለማንም አልደረሰም። ጠንከር አድርጌ ብጣራ ኖሮ እኮ ያቺ ምስኪን ተስፋ አድርጋ ድንጋይ ጨብጣ ትቆይ ነበር» ይላል። አንድ ጊዜ እናቱን ጠየቃቸው። «አደይ፣ ያኔ ሰምተውኝ ነበር?»

«አይሰማም ወደይ። ያኔ ውሃው ይጮህ ነበር፤ ሚስትህ ስትጣራ ነው ጸጥ ያለው» አሉት። ዋሽተው የማያውቁት ሴት በማግስቱ ማልደው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ።

የከፋው ቤት ውስጥ ያለው ነበር። እሱ ከበር ላይ እንደ ልማዱ «አደይ!» ሲል አማቴ መልስ መስጠት ተዉ። የያዙት ነገር እጃቸው ላይ ይቆማል፣ ከንፈራቸው ይገረጣል፤ እሱ ገብቶ ፊቱን እስኪያዩ ድረስ ትንፍሽ አይሉም። የዋሻው ውሃ ጆሯቸውን ጎዳው ብሎ አሰበና ድምፁን ጨመረ። እሱ ሲጨምር እሳቸው ይብስባቸዋል። እኔ ከጓዳ ሹክ ብል የሚሰሙ ሴት! በመጨረሻ እንቢ ቢሉም እያግባባ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው።

ሲመለሱ እሳቸው በቀጥታ ወደ አልጋቸው ገቡ። እሱ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ጆሯቸው ከኔ ይሻላል አለኝ ሐኪሙ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ እንዲህ ቀስ ሲል ሰምቼው አላውቅም። «ሰምተውኝ ነበር ማለት ነው።»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

«እሷስ?» አለ። «ጎረቤታችንስ?»

ቢላዬ ቆመ። ልዋሽለት አልቻልኩም። እሱ አየኝና ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ወደ እናቱ ክፍል ገባ። ፊታቸው ቆመ። ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው።

«አደይ» አለ፤ በሹክሹክታ።

አማቴ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት፣ ፊቱ መሆኑን አረጋገጡ።

«አቤት ወደይ» አሉ።