ማስታወቂያ ቆራጯ እትዬ መቀስ

መጀመሪያ ልብ ብዬ ያየኋት ሻርፗን ከአንገቷ ስታወልቅ ነው።

የከሰዓት ተረኛ ስለሆንኩ ጠዋት ጠዋት ላይብረሪ ገብቼ ማንበብ ልማዴ ነው። ያን ቀን አዳራሹ ሞልቶ ስለነበር ኮምፒውተር ክፍሉ በር አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ መጽሐፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ውስጥ ሰባት ኮምፒውተሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ከፊተኛው ረድፍ ጡረታ የወጡ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አንገታቸውን አስግገው ስለ ዓይን ሞራ ያነባሉ። የባለቤታቸው ዓይን እየደከመ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው።

ድንገት ከሚያነቡት ጽሑፍ ላይ አንድ ማስታወቂያ ብቅ ብሎ ስክሪኑን ሞላው። ምን ዓይነት ሥዕል እንደነበረ አልጽፍም፤ ሰው ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ የሚያየው አልነበረም። ሰውየው ሊዘጉት ጥግ ላይ ያለችውን ኤክስ ሲጫኑ ሌሎች ሁለት ተከፈቱ፤ አንደኛው ደግሞ ድምፅ አለው። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች መሳቅ ጀመሩ። ያ ስንት አገር አቋርጦ የነዳ እጅ ማውዙን ይዞ የሚጫነው ሲጠፋው ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ከጠረጴዛዋ ተነሳች። አልሮጠችም። ሻርፗን አውልቃ ስክሪኑ ላይ ጣል አደረገችና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ይቺ ማሽን ዛሬም ጋለች። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የማሽኗ ነው። እስክትቀዘቅዝ እኔ ጋ ይምጡ» አለች። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞር ብላ፣ «እናንተስ፣ ጥርሳችሁን ብርድ እንዳይመታው መስኮቱን ልዝጋላችሁ?»

ሳቁ ቆመ። ማሽኗ አልጋለችም። እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ ሹፌሩም ያወቁ ይመስለኛል። ያን ቀን የያዝኩት መጽሐፍ ምን እንደነበረ ረስቻለሁ። ሻርፑ ግን አረንጓዴ ነበር።

ሰው ሁሉ የሚጠራት «እትዬ መቀስ» ብሎ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ሠርታለች። ሥራዋ ማጠናቀቂያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ተሰፍቶ የመጣውን ሸሚዝ እየገለበጠች የተረፈውን ክር በትንሽ መቀስ መቁረጥ። «ሰፊው ይሰፋዋል፤ ሸሚዝ የሚያስመስለው ግን የተቆረጠው ክር ነው» ትላለች፤ ይህን ስትል ትንሽ ትኮራለች፤ ቢያንሳት እንጂ አይበዛባትም። ድርጅቱ ሲዘጋ ላይብረሪው በጽዳት ቀጠራት። ኮምፒውተር ክፍሉ ያኔ ኃላፊ አልነበረውም። ወለሉን ስትወለውል የሰዉን ትከሻ አሻግራ ታያለች። አንዱ «አውርድ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ሳጥን ይጫናል፤ እሱ የሚፈልገው ግን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። ሌላው የሥራ ማመልከቻ ሊሞላ መጥቶ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ስልክ አሸንፈዋል» የሚለውን አምኖ ስሙንና አድራሻውን ለማያውቀው ሰጥቶ ይሄዳል። የጥገና ባለሙያው በወር አንዴ እየመጣ ማሽኖቹን ከተጠናወታቸው ነገር ሁሉ ያጸዳል፤ በሳምንቱ ተመልሰው እዚያው ናቸው።

«አንድ ቀን በር ላይ ጠበቅኩት» አለችኝ። «‹ወንድሜ፣ በየወሩ ከምታጸዳ ቆሻሻው እንዳይገባ ማድረግ አይቻልም?› አልኩት። ‹ይቻላል እንጂ፣ ማገጃ የሚባል አለ፤ ማን ይከታተለዋል ብዬ ነው› አለኝ። ‹መወልወያ የያዘችው አትበቃህም?› አልኩት።»

ሰውየው ሳቀ፤ አሳያት። ቀሪውን ራሷ አነበበች። መዝገበ ቃላት አጠገቧ ከፍታ አንዱን ገጽ በሁለት ቀን ነበር የምትጨርሰው አሉ። እኔም ከትምህርት ቤት በጊዜ የወጣሁ ነኝና እንዲህ ያለ ሰው ሳይ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ በሩ የተዘጋው በቁልፍ እንዳልሆነ ያስታውሰኛል።

ማገጃው አብዛኛውን ማስታወቂያ ገጹ ገና ሲከፈት ያስቀረዋል። የሚያመልጠውም አለ። ለሱ ደግሞ ሌላ መላ አለው፤ ያስቸገረውን ሳጥን በማውዝ ጠቁመው ሲጫኑ ሳጥኑ ከገጹ ይወጣል፣ ሁለተኛም አይመለስም። ይህን ያየች ዕለት «ውይ፣ መቀሴን አገኘኋት» አለች። ስሟም በዚያው ጸና፤ ቆይቶም ላይብረሪው የክፍሉ ኃላፊ አደረጋት።

በየቀኑ ላይብረሪው ሳይከፈት ትገባለች። አንድ ሰማያዊ ደብተር አላት፤ ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ ትጽፍበታለች። የፈተና ውጤት፣ የሥራ ቅጥር፣ የአውቶቡስ ሰዓት፣ ሕክምና። ገጾቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ የተረፈ ክር ካለ ትቆርጣለች፣ ከዚያ ነው በሩ የሚከፈተው። ለአዲስ ሰው ያላት ሕግ አንድ ነው፤ «እጅ ጭን ላይ። የሚጫኑትን መጀመሪያ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።» ትልቅ ሰውም ይሁን ተማሪ፣ ሳያነብ ማውዝ የሚነካ የለም።

የበር ጥበቃው ግን አይተዋትም። «እትዬ፣ እነዚህም ነጋዴ ናቸው እኮ። ገጹን የሚያኖረው ማስታወቂያው ነው።»

«አውቃለሁ። ጥጉን ይዞ የተቀመጠውን መቼ ነካሁት? የጋዜጣውን ገጽ ሄደህ እየው፤ እንዳለ ነው። እኔ የምቆርጠው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለውን ነው።»

«እንግዲያ ሳይጠሩ የሚመጡትን አማቼን አመጣልሻለሁ፤ ቁረጪልኝ» አለ ጥበቃው።

ሹፌሩ ከሻርፑ ቀን ወዲህ ቀርተው አያውቁም። የዓይን ሐኪሞች ከሌላ ከተማ መጥተው ሞራ በነጻ ሊገፍፉ መሆኑ ተሰምቶ ነበር፤ ምዝገባው በከተማው የጤና መረጃ ገጽ ይወጣል ተብሏል። ሰውየው በየጠዋቱ እየመጡ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። «የለም» ይሉና ይነሳሉ።

«ነገ ይወጣል፣ አባባ።»

«እኔማ ልጠብቅ፣ ልጄ። ደረጃ ስትወርድ የምትደናቀፈው እሷ ናት እንጂ።»

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሹፌሩ ላብ አጥምቋቸው ገቡ። ሰላምታም አልሰጡ።

«ልጄ፣ ጎረቤታችን በስልኳ አየሁት አለች። ምዝገባው ከወጣ ሦስት ቀኑ ነው። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። እኔ ትናንትም እዚህ ነበርኩ፤ አልነበረም።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቀርቷል።

እትዬ መቀስ ገጹን ከፈተች። ጽድት ያለ፣ ነጭ፣ ጸጥ ያለ ገጽ። ምዝገባ የለም። ቀጥሎ ያለው ማሽን ላይም የለም። ወገቧን ይዛ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ተቀመጠችና እስከ ዛሬ የቆረጠቻቸው ሁሉ የተመዘገቡበትን ዝርዝር አወጣች፤ በጣቷ ስክሪኑ ላይ እየተከተለች ወረደች። አንዱ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ማገጃውን በሰባቱም ማሽኖች ላይ አጠፋችው።

ገጹ ከነጫጫታው ተመለሰ። መነጽር ይዘላል፣ የፀጉር ቅባት ይንጠባጠባል፣ አንዲት ሴት ያለ ምክንያት ትስቃለች። ከሁሉም በላይ፣ መሐል ላይ፣ በቀይ ክፈፍ እንዲህ ይላል፤ «የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ምዝገባ፣ እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን።»

ባለፈው ወር እዚያው ቦታ፣ እዚያው ቀይ ክፈፍ ውስጥ፣ «ሞራን ያለ ቀዶ ሕክምና የሚያጠፋ ጠብታ» የሚል ማስታወቂያ ይብለጨለጭ ነበር። የቆረጠችው እሱን ነበር። ማስታወቂያው ጊዜው አልቆ ሲወርድ የገጹ ሰዎች የራሳቸውን ነገር እዚያው ሳጥን ውስጥ አስገቡ። መቀሱ ደግሞ እንደታዘዘው መቁረጡን ቀጠለ፤ በሰባቱም ማሽኖች፣ ሦስት ቀን ሙሉ።

«ነገሩን የቆረጥኩ መስሎኝ» አለች፣ «ለካ የቆረጥኩት ቦታውን ነው።» ከዚያ ተነስታ፣ ያኔ ሁሉም እንዲሰማ በተናገረችበት ድምፅ፣ «አባባ፣ ዛሬ ማሽኗ አይደለችም። እኔ ነኝ» አለች።

ማንም አልሳቀም። ሹፌሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «መጀመሪያ እንመዝገብ። ጥፋት የትም አይሄድም፤ ስንመለስ እናገኘዋለን።»

ቅጹ የታካሚዋን መታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል። ሹፌሩ ቤት ደወሉ። «መታወቂያሽን አውጪና ቁጥሩን አንብቢልኝ።»

የሴትዮዋ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ለሁላችንም ተሰማ። «ሰውዬ፣ ማንበብ ብችል ኖሮ ለምን ታስመዘግበኛለህ?»

በዚህ ጊዜ ተማሪዎቹም ሳቁ፤ ሹፌሩም ሳቁ። ጎረቤቷ ተጠርታ አነበበችላቸው። እትዬ መቀስ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፈች፣ ደግማ አስነበበች። የቀረው መላክ ብቻ ነበር። ማገጃው ጠፍቷልና ከመላኪያው ጎን አንድ ደማቅ አረንጓዴ ሳጥን ብልጭ ድርግም ይላል። የሰውየው እጅ ወደዚያው ሄደ። ልናገር ስል እትዬ መቀስ በዓይኗ ከለከለችኝ። እጃቸው አየር ላይ ቆመ፤ ተመልሶም ጭናቸው ላይ ዐረፈ።

«‹ይቀጥሉ፣ ስጦታዎን ይውሰዱ።› ይኼ አይደለም» ብለው አነበቡ። «‹ምዝገባውን ላክ።› ይኼ ነው።»

ተጫኑት። ተራ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን መጣ። ሹፌሩ ቁጥሩን መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት፤ ወረቀት ይጠፋል ብለው።

እትዬ መቀስ ግን ደስታውን አልጠበቀችም። ሰማያዊ ደብተሯን ትገልጣለች። «አናጺው! ማክሰኞ ለእናቱ ጠይቆኝ የለም ብዬ መለስኩት።» ቀና ብላ አየችኝ። የአናጺው ቤት ከላይብረሪው ጀርባ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ለሩጫ የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ሮጥኩ። አናጺው የእንጨት ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ተከትሎኝ መጣ፤ ቅጹን ሞልቶ ሲልክ ለእኩለ ቀን ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። በልቤ ተመስገን አልኩ፤ ትንፋሼ ለሌላ ቃል አይበቃም ነበር።

ሁሉም ሲረጋጋ ሹፌሩ ጋ ሄዳ ቆመች። «ሦስት ቀን አጉላላሁዎት፣ አባባ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እኔ ነኝ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ነድቻለሁ» አሉ ሹፌሩ። «የማይሳሳት ሹፌር ያልነዳ ብቻ ነው። አንቺ መሪ አያያዝሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ። የጎደለሽ ስፖኪዮ ነው። ወደፊት ብቻ እያዩ ከባድ መኪና አይነዳም።» ተሰናብተው ወጡ፤ የተጻፈበትን መዳፋቸውን እንደ ዕንቁላል ጨበጥ አድርገው።

ጥበቃው ከበሩ ላይ፣ «ታዲያ ከዛሬ በኋላ መቀሱን ትጥይዋለሽ?» አላት።

«ለምን ብዬ? ያቺን ሥዕል ለማን መልሼ ላሳይ?» አለችና ማገጃውን በስድስቱ ማሽኖች ላይ መልሳ አበራችው፤ ከቆረጠቻቸው ዝርዝር ያን ቀይ ክፈፍ ብቻ ሰረዘች። ሰባተኛዋን፣ በሩ አጠገብ ያለችውን፣ አልነካቻትም። መጽሐፌን ይዤ ወደ ቦታዬ ልመለስ ስል ጠራችኝ።

«ወንድሜ፣ አንተ መቼም ጠዋት አትቀርም። ደቃቅ ፊደልም አያስፈራህም። አንድ ነገር ላስቸግርህ?»

«ምን ልታዘዝ?»

«ሰባተኛዋን ያለ ማገጃ ልተዋት ነው። እኔ የምቆርጠውን ገጽ ሁሉ በየጠዋቱ ሳይቆረጥ አንተ እየው። እኔ ጋ የሌለ፣ ግን ለሰው የሚያስፈልግ ነገር ካየህ ትነግረኛለህ።»

«ያን ሁሉ ጫጫታ? እትዬ፣ እኔ እኮ እዚህ የምመጣው ጸጥታ ፍለጋ ነው።»

አረንጓዴውን ሻርፕ ከአንገቷ አውልቃ ሰባተኛዋ ማሽን ፊት ያለው ወንበር መደገፊያ ላይ አንጠለጠለችው።

«ነውር ነገር ሲመጣብህ በዚህ ትሸፍነዋለህ። ለቀሪው ትዕግሥቱን ፈጣሪ ይሰጥሃል» አለችኝ። «ከነገ ትጀምርልኛለህ?»