ድብድብ ሲመጣ ዝም በይ

«ንዴት ያለበት ሰው እጁ ይቀድመዋል። አንቺ ፊልምሽን ተርጉሚ፤ ድብድብ ሲመጣ ዝም በይ።»

ይህን ያለኝ የምሠራበት ቪዲዮ ቤት ባለቤት ነው፤ ፊት ለፊት፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ቤቱ በዚህ በሰው አገር ወደብ ከተማ፣ ሃያብለ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ የሚንቋቋ ቬንቲሌተርና ዙሪያውን የተነጠፈ ምንጣፍ አለው። ከሰዓት ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ ሲከት፣ ወደ የመን ለመሻገር ጀልባ የሚጠብቁ የአገሬ ልጆች ጫታቸውን ይዘው ይገባሉ። ፊልሞቹ በፈረንሳይኛ ናቸው። እኔ ደግሞ ሊሴ፣ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ ስለተማርኩ ማይክ ይዤ በአማርኛ እተረጉምላቸዋለሁ። ወሬ ሲሆን የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ድብድብ ሲመጣ ድምፁን እለቅና አፌን እዘጋለሁ። የቤቱ ደንብ ነው። ቡጢ አስተርጓሚ አይፈልግም ይላል ባለቤቱ።

ሰው የሚወደው ጉልበታቸው ከሰው በላይ የሆነ ጀግኖች ያሉበትን ፊልም ነው፤ የሚበሩ፣ ሕንፃ በትከሻቸው የሚንዱ። ድሮ ጀግናው ንጹህ ነበር። አሁን የሚመጡት ይጠጣሉ፣ ይዋሻሉ፣ መመታት የሌለበትን ይመታሉ፤ ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጥተው ዝናብ እየወረደባቸው ያለቅሳሉ። ተመልካቹም ከንፈሩን ይመጥላቸዋል። ከተናደው ሕንፃ ሥር ማን እንደቀረ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ባለቤቱም የሰፈራችን ጀግና ነው። ድሬዳዋ ያደገ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው። አንድ ጊዜ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል ስደተኞቹን ሊዘርፉ የመጡ ጎረምሶችን ብረት ይዞ ብቻውን አባሯቸዋል። ውሸት አይደለም፤ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሲገባ ልጆቹ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ» እያሉ ትራሱን ያስተካክሉለታል።

እዚያው ቤት ሻይ የምታቀርበው ልጅ ጓደኛዬ ናት፤ ዋራበሌ ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖራለን። ባለቤቱ ምንጣፍ ላይ ሻይ ደፋሽ ብሎ በጥፊ ግራ ጆሮዋን አላት። ደማ፤ ከዚያ መስማት አቆመ። እሱ ለሰው ሁሉ ነካ ነው ያደረግኳት፣ አካብዳ ነው አለ። አመኑት። ልጆቹ ጭራሽ ያዳነንን ሰው ስም አታጥፊ ብለው ተቆጧት። ልብስ ስናጥብ፣ ሕክምናም ይቅርታም ቀርቶብኝ እነሱ ብቻ ባመኑኝ አለችኝ። ሄጄ ባለቤቱን ለልጆቹ እውነቱን ንገራቸው አልኩት። መልሱን መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ።

እሺ አልኩት። ከዚያ ፊልሙን ራሴ መረጥኩ። እንዲያፍር ብቻ አልነበረም የፈለግኩት። እንዲያመው ነው።

የዚያን ቀኑ ጀግና ብረት ለባሽ ነበር። መሃል ላይ ተናደደና ቁስሉን የምታጥብለትን ሴት ገፈተራት፤ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ድምፁን መልቀቅ ነበረብኝ። ጨርሼ አጠፋሁትና ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«በዚህ እጄ መታኋት። ጆሮዋ ደማ። ነካ ነው ያደረግኳት ብዬ ዋሸኋችሁ። የመታኋት ለሻይ ነው።»

መጀመሪያ የፊልሙ ንግግር መሰላቸው። አንዱማ ሻዩ የታለ ብሎ ሳቀ። ጀግናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማልቀስ ሲጀምር፣ የማለቅሰው ለሷ አይደለም፣ ስሜ እንዳይበላሽ ነው አልኩለት። ሳቁ ቆመ። ባለቤቱ ከተደገፈበት ቀና አለ።

«ፊልሙ እንደዚህ አይልም።»

«አይልም። እኔ ነኝ የምለው።»

ባለጌ አለኝ፤ ማይኩን አምጪ አለኝ። ከኋላ አንዱ ምርቃናችንን አታበላሺ፣ ፊልሙን መልሺ ብሎ አጉረመረመ። አልተነቃነቅኩም። ይሄኔ ጓደኛዬ ትሪ ይዛ ከውጭ ገባች፤ የተባለውን አልሰማችም። በሩ ሥር የተቀመጠው ረጅም ልጅ፣ ስም አታጥፊ ብሎ ከሁሉ ይልቅ የተቆጣት እሱ ነው፣ በግራዋ በኩል ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ እውነት ነው?»

አጠገቡ ሆና ለሌላው ብርጭቆ ታስቀምጣለች። ደገመላት። ቀጣዩን ብርጭቆ አነሳች። ቤቱ በሙሉ እንደሚያያት ያወቀችው ቀና ስትል ነው።

«ምነው፣ ስኳር አነሰው?» አለች።

ረጅሙ ልጅ አንገቱን ደፋ። ባለቤቱ እኔን እያሳየ፣ ይህችን አስወጡልኝ አላቸው። ወደሱ እንኳ የዞረ የለም። እንደገና አዘዛቸው፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ማይኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ። በጓደኛዬ ቀኝ ዞሬ «ነይ» አልኳት። ትሪውን ከእጇ ተቀብዬ ባለቤቱ እግር ሥር አኖርኩለትና ከበሩ ጫማችንን ለይቼ ይዣት ወጣሁ።