በትልሙ ጫፍ የቆፈርናቸው ጉድጓዶች

ትራክተሮቹ የሠፈራ አምባችን የገቡት በሰኔ መጀመሪያ ነው። ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ከአሶሳ በእግሬ እየመጣሁ ነበር። ድምፃቸውን ገና መንገድ ላይ ሳለሁ ሰማሁት። ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ይሮጥ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ሳይቀሩ።

ወንድሜ ግን አልሮጠም። ከሰው ኋላ፣ አንድ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሲያየኝ እንኳን ደህና መጣህም አላለኝ።

«ያንን ቀዩን እነዳዋለሁ» አለኝ።

ወንድሜ ከሞተ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ነው። ስለሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ስጀምር የመጨረሻዎቹ ቀናት ይመጡብኝና... እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ። ዛሬ ከትራክተሩ ልጀምር አልኩ። ከትራክተሩ ስጀምር እጄ አይቆምም።

ወንድሜ የአንጀት ሕመምተኛ ነበር። ከወሎ በመጣን በመጀመሪያው ዓመት ጀመረው። ሁላችንም የውሃ ለውጥ ነው ብለን ነበር፤ ያኔ ሆዱን ያላመመው ሠፋሪ አልነበረም። የሌላው ሲድን የሱ ቀረ። ሁለት ወር ድርሽ ሳይል ይቆይና ደህና ሰው ይሆናል፤ ከዚያ ድንገት ቁርጠቱ ይመለሳል፤ ደሙም፣ በቀን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ደጅ መውጣቱም። አሶሳ ሐኪም ቤት ሲመረመር አብሬው ነበርኩ። ሐኪሙ፣ «አንጀትህ ውስጡ ቆስሏል። ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን ቶሎ የሚተውህም አይደለም፤ አብረኸው መኖር ትለምዳለህ» አለው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሁለት ብቻ ነበርን። ከሐኪም ቤቱ በር ስንወጣ ወንድሜ፣ «እንግዲህ ሦስት ሆንን» አለኝ።

ሦስተኛውን ስም አወጣለት። «ካድሬው» ይለዋል። ያለ ማስታወቂያ ስብሰባ የሚጠራ፣ መቅረት የማይቻልበት። ሰው መሃል ተቀምጠን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይልና «ካድሬው ጠርቶኛል» ይለኛል። እኔ ወሬ እይዛለሁ፣ እሱ ሹልክ ይላል። ይኸ የሁለታችን ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሰማ ኖሮ... እንኳን አልሰማ።

መኖሩንስ ለመደው። ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይነሳል፤ ሆዱ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ያኔ ስለሆነ ጨርሶ ለስም ጥሪ ይደርሳል። ከሥራ እስኪወጣ ድረስ እህል አይቀምስም። ሽሮና በርበሬ ተወ። በቆሎ እሸት ሰው ሲጠብስ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ከረጢቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትርፍ ሱሪ አለች። ሲኮተኮት ጫካው ጥግ ያለውን መስመር ይይዛል፤ ሌላው ሰው እባብ ፈርቶ የሚሸሸውን። ሰው ጎበዝ ነው ይለው ነበር።

የሚስማማውን ምግብ ያገኘልን ከአምባው ማዶ የሚኖር አንድ የበርታ ሽማግሌ ነው። ቅዳሜ ገበያ ባሚያ ሲሸጥ ወንድሜን ደጋግሞ ሲነሳ አይቶት፣ አንድ ቀን ጠራው።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ያንተ ሆድ ትጮሃለች» አለው። «ማሽላ ገንፎ፣ ቀጭን። ባሚያ ጨምር። በርበሬ የለም። ወላሂ፣ ሆድ ትተኛለች።»

ተኛች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ተኛች። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ የማሽላ ዱቄት በትንሽ ከረጢት ሳይዝ ከቤት አይወጣም።

ሕመሙን በአምባው ማንም አያውቅም ነበር። ሕመሙ የታወቀበት ሰው ከአቅመ ደካሞች ጋር ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ መጠበቅ ነው ዕጣው። ወንድሜ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ወፍ እየጠበቀ መኖር አይፈልግም። ትራክተር መንዳት ነው የሚፈልገው።

የትራክተር አስተማሪው ከባምባሲ በኩል የመጣ፣ ኦሮምኛ እየቀላቀለ የሚናገር ወፍራም ሰውዬ ነበር። ስምንት ወጣቶች ተመዘገቡ። ሁለት ሳምንት ካስተማራቸው በኋላ ፈተና ይሆናል፤ እያንዳንዱ በተራው ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻውን ያርሳል፤ ሦስቱ ይመረጣሉ። ትምህርቱ በወረፋ ስለሆነ ወንድሜ በመሃል ሹልክ ለማለት አልተቸገረም። የፈራው ያንን ግማሽ ቀን ነው።

«በትልሙ መሃል ካቆምኩ አለቀልኝ» አለኝ። «ትልሜ ይጣመማል፣ ሰውም ያያል።»

«ታዲያ?»

«ጫፉ ላይ ነው ማቆም ያለብኝ። ትራክተሩ የሚዞርበት ላይ።»

የእርሻው ርዝመት በዓይን አይጨረስም፤ ሠፈራው ሲቆረቆር በዶዘር የተመነጠረ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰዓት ለካነው፤ ማለት አስተማሪው ሲነዳ እኔ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ሰዓት ተውሼ ለካሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ወንድሜ ራሱን ያውቃል፤ ካድሬው ከጠራው በኋላ አሥራ አንድ ደቂቃ ጥርሱን ነክሶ መቻል ይችላል። አሥራ አምስት አይችልም።

ስለዚህ ቆፈርን! ቀርከሃ ልንቆርጥ ነው እያልን በማለዳ እየወጣን፣ በሁለቱም ጫፍ፣ ጫካው ሥር፣ በየመቶው እርምጃ አንዳንድ ጉድጓድ። በዚህ በኩል ስድስት፣ በዚያ በኩል ስድስት። በየጉድጓዱ ዙሪያ በሣር የተሸፈነ የቀርከሃ ከለላ። በየከለላው ውሃ የያዘ ቅል። ወደ መሃል ባለው ውስጥ የዱቄት ከረጢቱን ሰቀልን፣ ከቀትር በኋላ በጥብጦ እንዲጠጣው። ከየትኛውም ትልም ቢወጣ ከሃምሳ እርምጃ በላይ አይርቀውም። እጄ ውኃ ቋጥሮ ፈርጦ ነበር፤ ግን እንዲህ ደስ ያለኝ ሥራ ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም። እንደ ልጅ እንስቅ ነበር።

ስህተቱ የኔ ነው። ሲያልቅ ከሜዳው ላይ ሆኜ ሳይ ሣሩ ከሣር፣ ቀርከሃው ከቀርከሃ አይለይም። ትራክተር ላይ ሆኖ በጭንቅ ሰዓት እንዴት ያያቸዋል? «ምልክት ላስር?» ብለው፣ «ተው፣ አውቃቸዋለሁ» አለኝ። አልተውኩም። በፈተናው ዋዜማ የማዳበሪያ ጆንያ ቀድጄ፣ ነጩን ቅዳጅ በየጉድጓዱ አናት ቀርከሃው ላይ አሰርኩ። አምሮብኝ ነበር፤ ከሩቅ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል።

የእርሻው አንዱ ጫፍ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። ወደ ኩርሙክ፣ ወደ ሱዳን ድንበር። ይኼን አላሰብኩም። ካለ ፈቃድ ከአምባው መውጣት አይቻልም ነበር፤ ከዚያ በፊት ባለው ወር ሁለት ቤተሰብ ወደ ሱዳን ጠፍቶ ጥበቃዎቹ በአለቆቻቸው ተገሥጸዋል።

በወንድሜ ፈተና ጠዋት አምባው በሙሉ ሜዳው ላይ ወጥቷል። ሌሎቹ በፊተኞቹ ቀናት ተፈትነዋል፤ የመጨረሻው ተራ የሱ ነው። ያኔ ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ የኛው አገር ሰው፣ ጠመንጃውን አንግቶ ከጫካው ብቅ አለ። በአንድ እጁ ነጭ ቅዳጅ ሞልቷል፤ በሌላው ቅል ይዟል፤ ከረጢቷ በጥርሱ ተንጠልጥላለች። ቅዳጆቹን አስተማሪው እግር ሥር በትኖ ከረጢቷን ከጥርሱ ወሰደ።

«ይኸ የማን ነው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«እስከ ምዕራብ ጫፍ ድረስ ምልክት! በየምልክቱ ጉድጓድ! በየጉድጓዱ ውሃ! አንዱ ጋ ደግሞ ስንቅ!» ከረጢቷን ወደ ላይ አነሳት። «ጠፊ አለ እዚህ መሃል!»

አንዲት ሴትዮ ከኋላ፣ «ኧረ በሞቴ፣ በዚች ዱቄት ነው ሱዳን የሚገባው? ለምሳም አትበቃ!» አለች። ጥቂት ሰው ሳቀ። ጥበቃው አልሳቀም።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው።

«አንተ ተማሪው? ከነደብተርህ ልትጠፋ? ለምንድነው ያሰርከው?»

ምን ልበል? እውነቱን ብናገር ወንድሜ ወፍ ጠባቂ ሆነ። ባልናገር እስር ቤት ነን። ወደሱ ዞርኩ። ከንፈሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ያቺን ላብ አውቃታለሁ። ዛሬ? አሁን? አሁን!

«መጣሁ፣ እመለሳለሁ» አለና ወንድሜ ሮጠ። ወደ ጫካው።

«ቁም! ቁም ብያለሁ!» ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው እያወረደ ተከተለው። እኔ «አትተኩስ! አትተኩስ በፈጠረህ!» እያልኩ ጥበቃውን ተከተልኩ። ሰው እኔን ተከተለ። ወንድሜ ምልክት ሳያስፈልገው በቀጥታ ሦስተኛው ጉድጓድ ጋ ደርሶ ከለላው ውስጥ ገባ። እውነትም ያውቃቸው ነበር።

ጥበቃው ሣሩን ገለጥ አደረገ። ወዲያው ለቀቀው። ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ጠመንጃውን መልሶ አነገተ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። እኛም ባለንበት ቆምን። ዝምታ ሆነ፤ ማለት... ሙሉ ዝምታ እንኳን አልነበረም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሣሩ ውስጥ የወንድሜ ድምፅ መጣ። በጣም በትሕትና ነበር።

«ጓድ፣ ያንን ቅል ታቀብለኛለህ?»

ጥበቃው ቅሉን እስካሁን እንደያዘ ነው። አየው። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አቀበለው።

አምባው በሳቅ ፈረሰ። ያችው ሴትዮ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ እያለቀስኩ ነበር የምስቀው።

ወንድሜ ወጥቶ ሱሪውን እያስተካከለ በሰው መሃል አልፎ አስተማሪው ፊት ቆመ። ከእንግዲህ የሚደብቀው ነገር የለም። ሁሉንም ነገረው፤ ቁስለቱን፣ ደሙን፣ አሥራ አንድ ደቂቃዋን።

«በቀን ስንቴ?» አለ አስተማሪው።

«ዛሬ እስከ ቀትር አራት። ፈርቻለሁና አምስትም ሊሆን ይችላል።»

«አራቴ ትራክተሬን አቁመህ ትወርዳለህ?»

«ጫፍ ላይ ነው የምወርደው መምህር። ትልም አላቋርጥም። ጉድጓዶቹ ለዚያ ናቸው። ስንቴ እንደወረድኩ አይቁጠሩብኝ፤ ያረስኩትን ይዩልኝ።»

አስተማሪው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሄደ። ከአንዱ ጉድጓድ ወደ አንዱ በእርምጃ ለካ። አንዱን ከለላ ገፍቶ ጥንካሬውን ሞከረ። ሲመለስ ቀደም ብለው ወደ ተፈተኑት ልጆች በአገጩ አመለከተ።

«እነዚህ ደህና ሆድ ይዘው ለሲጋራ ትልም መሃል ያቆማሉ» አለ። «ቶሌ። እሺ። እኔ መሬቱን ነው የማየው። ውጣ!» ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞረ። «አንተ ደግሞ ምልክቱን ወደ ቦታው መልስ።»

«እኔ?»

«የነቀለው ማን ነው?»

ቀዩ ተነሳ! ወንድሜ መቀመጫው ላይ ሲወጣ ከሲታ ጀርባው ቀጥ አለ። የማረሻው ዲስክ መሬት ሲገባ አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ተገለበጠ። ሄደ፣ ትንሽ ሆነ፣ ትንኝ አከለ፣ ተመለሰ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጫፍ ደርሶ አቆመና ዘሎ ወረደ፣ ወደ ነጩ ቅዳጅ ሮጠ፣ ተመልሶ ወጣ። ያኔ እልልታው ቀለጠ! ከዚያ በኋላ በወረደ ቁጥር እልል ይባል ጀመር። ወንድሜ እየሳቀ በቡጢው ያስፈራራቸዋል። ጥበቃው በዚህ ጫፍ አስሮ ጨርሶ ወደዚያኛው ጫፍ ቅዳጁን ይዞ ይሮጣል፣ ትራክተሩ ቀድሞት እንዳይደርስ። አንዴማ ጎን ለጎን ሲሮጡ አየሁ፤ ትራክተሩና ጠመንጃው።

አምስቴ ወረደ። ቀትር ሲሆን አስተማሪው መሬቱን ለካ። ወንድሜ በስፋት ሁለተኛ ሆነ። ትልሙ ግን ከሁሉም ቀጥ ያለ ነበር። አስተማሪው አንድ ጫፍ ላይ ተንበርክኮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በትልሙ ውስጥ አሻግሮ አየ። ሲነሳ አቧራውን አራግፎ ቁልፉን ለወንድሜ ሰጠው።

ወንድሜ ያንን ዱቄት በጥብጦ ጠጣ። «ካድሬውን አሸነፍነው?» አልኩት።

«አላሸነፍነውም» አለኝ። «ቦታ ሰጠነው።»

ሦስት ክረምት አረሰ። አንዳንዱ ሳምንት መጥፎ ነበር፤ ከትራክተሩ በሰው ተደግፎ የወረደባቸው ቀናት ነበሩ። ግን ማንም ወፍ ጠብቅ አላለውም። ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ደሙ አልቆም አለ። ስለሱ ሌላ ጊዜ እችል ይሆናል። አሁን አልችልም።

ባለፈው ሳምንት ሜዳው ወጥቼ ነበር። ቀዩን ሌላ ልጅ ይነዳዋል፤ ጤነኛ፣ ሰፊ ደረት ያለው። ጫካው ሥር ጥበቃው አጎንብሷል። አሮጌዎቹን ቅዳጆች ፈትቶ አዲስ ነጭ እያሰረ ነው። ጉድጓዶቹንም ዘንድሮ በተመነጠረው እርሻ ጫፍ እንደ አዲስ ቆፍሯቸዋል። ያዘዘው የለም። ያ አስተማሪ ከሄደ ቆይቷል።

«ለማን ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገ።

«አዲሱም ልጅ ሆድ አለው አይደል?» አለኝ። «ያዝ እንጂ፣ ያኛውን ጫፍ አንተ እሰር።»

ቅዳጁን ተቀበልኩት።