በልግ የቀደመው የአጎቴ ወይን

አጎቴ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ጓሯቸው ውስጥ ከድሬዳዋ በባቡር ካመጡት ቁራጭ የበቀለ ጥቁር ወይን ነበራቸው። በየፋሲካው የጠመቁትን ቀይ ወይን ይቀዱልንና ገና አንድ ጊዜ እንደተጎነጨን፣ "እስቲ ንገሩኝ፤ በልጉ ቀደመው ወይስ ዘገየለት?" ይሉን ነበር።

ምላስ ይህን ይለያል። በበጋ ቀኑ ሲሞቅ ፍሬው ይጣፍጣል፤ ሌሊቱ ሲበርድ ደግሞ ኮምጠጥ ያለው ጣዕም ሳይጠፋ ቀለሙ ይጠቁራል። የበልጉ ዝናብ ለቀማውን ከቀደመ ግን ፍሬው ውሃ ይሞላና ወይኑ ይቀጥናል። እኔ ይህን እንደ አስተማሪ ሳብራራ አጎቴ፣ "መምህር፣ ደወል ተደወለ፤ ጠጣ!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ዘንድሮ ፍሬው ሊደርስ ሲል አረፉ። የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ሰማዩ ከበደ። ባለቤታቸውን፣ "እትዬ፣ ዛሬውኑ እንልቀመው፤ የእጃቸው መጨረሻ ነው" ብዬ ለመንኳቸው።

"አርባቸው ሳይወጣ እሳቸው በተከሉት ላይ መቀስ አይነሳም" አሉኝ። የቤታችን ልማድ ነው። ዝናቡ ወረደ፤ ፍሬው አብጦ ፈነዳ። እኔ በመስኮት ከማየት በቀር ምንም አላደረግሁም።

አርባቸው ሲወጣ ከዝናቡ የተረፈውን ለቅመን ጠመቅንና ለፋሲካ ቀዳነው። ፈዛዛ ነበር፤ ጣዕሙ አፍ ውስጥ አይቆይም። አንዱ የአክስቴ ልጅ ሊደፋው ሲነሳ እትዬ እጁን ያዙት።

"አይደፋም! እሳቸው የሞቱበት ዓመት ነው፤ እንዴት ሊጣፍጥ ኖሯል?"

ሁላችንም ጠጣነው። ድገሙኝ ያለ ግን አልነበረም።