ለልቦለዷ ሴት የሰገድሁት ስግደት

ዕድሜዬን ይንሳኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርሁበትም። ወረታ ላይ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ በሚሄድበት ዘመን፣ ከጥማድ በሬ የሚከብድ የፈረንጅ ልቦለድ በስልኬ አስጭኜ፣ እንደ ዳዊት በየዕለቱ ሁለት ሁለት ገጽ እደግም ነበር።

አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ስልኬ ላይ አፍጥጬ አገኙኝ።

«ምንድን ነው የምታነበው?»

«ባሏን ትታ ከዳኛ ጋር ስለኮበለለች ሴት ነው፣ አባ።»

«አንተስ ምን አልሃት?»

«ምን እላታለሁ? አነባለሁ እንጂ!»

«ኃጢአት እያየህ ዝም? በል አርባ ስገድ!»

በማግስቱም ጠየቁኝ። ሴትዮዋ አልተመለሰችም፤ አርባ። ሳምንት ሙሉ እሷ ስትሞላቀቅ፣ ሩዝ በማረም ያልተጎዳ ጉልበቴ ተላጠ። መጽሐፉ ገና ሺህ ገጽ ይቀረዋል። ሳያልቅ እንዳላልቅ ብዬ በስምንተኛው ቀን ዋሸሁ።

«ደስ ይበልዎ አባ፣ ንስሐ ገብታ መነኮሰች!»

አባ ከጋቢያቸው ሥር ስልካቸውን መዥረጥ አደረጉ።

«አንተ ቀጣፊ! የአንተን ሁለት ገጽ ማን ይጠብቃል? እኔ ከጨረስሁት ሦስት ቀኔ! ዳኛውንም ትታ ነጋዴ አግብታለች። በል እጥፉን ስገድ!»

«እርስዎስ አባ?»

«እኔማ በየገጹ እየገሠጽኋት ነው ያነበብሁት!»

እርግጥ አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬአለሁ፤ ስግደቱ አርባ ሳይሆን አሥራ ሁለት ነበር።